የጅማ መርካቶዋ ዘይት ቤት፦ ጎመን ዘር ለምጣድ፣ ኑግ ለወጥ

በጅማ መርካቶ፣ ከእህል ተራው ጀርባ በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ላይ፣ በሯ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌላት አንዲት የዘይት መጭመቂያ ቤት አለች። ደንበኞቿ በደፈናው «ዘይት ቤቷ» ይሏታል፤ ቦታውን ለማያውቅ ሰው የመኪናዋ ድምፅና የታመሰ ኑግ ሽታ ከሩቅ ይመራዋል። ላለፉት ሦስት ዓመታት የምጣዴን ጎመን ዘርና የወጤን ዘይት የገዛሁት ከዚህች ቤት ነው። እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶች ስለማስረክብ፣ ለሌላ ቤተሰብ ወር የሚያደርሰው አንድ ስኒ ጎመን ዘር እኔ ዘንድ ሳምንት አይሞላም፤ የዕቃውን ጥራትም በየማለዳው ምጣዴ ላይ አየዋለሁ። በከተማችን ጥሩ ጎመን ዘርና ያልተደባለቀ ዘይት የት እንደሚገኝ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ። ስለ ቤቷ ሳወራ ስለ ጎመን ዘር ራሱም ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ቤቷን ከሌሎቹ የሚለያት የምትሸጠው ነገር ለምን እንደሚሆንና ለምን እንደማይሆን ለይታ ማወቋ ነው።

ወደዚህች ቤት ያደረሰኝ አንድ ክፉ ሳምንት ነበር። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቼ ለማሟሸት ከአንድ የገበያ ሻጭ ግማሽ ጣሳ ጎመን ዘር ወሰድኩ። ምጣዱን አግዬ የተወቀጠውን ዘር በጨርቅ እያሸሁ ሁለት ሰዓት ያህል ደከምኩ። ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ ምጣዱም ጠቆረ፤ ይሁን እንጂ እንደ መስታወት ሊያብረቀርቅ የሚገባው ፊቱ አመዳም ሆኖ ቀረ። በማግስቱ የመጀመሪያውን እንጀራ መሃሉ ላይ ያዘብኝ፤ ሁለተኛው ጠርዙ ሲነሳ ሆዱ ተቀደደ። ስምንት እንጀራ ከተበላሸ በኋላ እሳቱን አጥፍቼ የተረፈውን ዘር ነጭ ጨርቅ ላይ በትኜ አየሁት። ግማሽ ያህሉ የአረም ፍሬ፣ የአፈር ቅንጣትና የተጨማደደ አሮጌ ዘር ነበር። ጎመን ዘር ለምጣድ የሚበጀው በውስጡ ባለው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ያለቀበት ዘር ምጣድ ላይ ሲያርፍ አመድ ከመሆን አያልፍም። የዚያን ቀን ለምግብ ቤቶቹ ያስረከብኩት ከጎረቤት የተበደርኩትን እንጀራ ነው።

ዘይት ቤቷን ያሳየችኝም ያችው እንጀራ ያበደረችኝ ጎረቤቴ ናት። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል። ጎመን ዘር እንደምፈልግ ስነግራቸው ጣሳውን ከማንሳታቸው በፊት «ለምጣድ ነው ወይስ ለሌላ?» ብለው ጠየቁኝ። «ለምጣድ ነው ሐጂ» አልኳቸው። ከሁለት ጆንያዎች ከአንደኛው ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝና «በጥፍርሽ ጨፍልቂው ልጄ፤ ጥፍርሽ ካልወዛ አትግዢኝ» አሉ። ፍሬው ድቡልቡል ነው፤ ከጤፍ ይገዝፋል፣ ከማሽላ ያንሳል። ቅርፊቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ሲሆን፣ ስጨፈልቀው ውስጡ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ የጥፍሬ ጫፍም ወዛ። የጨፈለቅኩትን ምላሴ ጫፍ ላይ ሳሳርፈው መጀመሪያ ምንም አልነበረውም፤ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ግን እስከ አፍንጫዬ ሥር ድረስ ሰነፈጠኝ።

ይህ ዘግይቶ የሚመጣ መሰንፈጥ የዘሩ ሕይወት ምልክት ነው። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ውህድና ሚሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ፍሬው ሲደቅና እርጥበት ሲያገኝ ሁለቱ ይገናኙና ያ ዓይን የሚያስነባ ነገር ይፈጠራል። ሰናፍጭ ስሙን ያገኘበት ጠባይም ይኸው ነው። ዘሩ አስቀድሞ ከታመሰ ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚሞት ሽታው ይለዝባል፤ ሐጂም ለመጭመቅ የሚሆነውን እንጂ ለምጣድ የሚሸጡትን ጎመን ዘር አያምሱም። በአንዳንድ ሱቆች ወደ ዱቄትነት የተለወጠ «የምጣድ ጎመን ዘር» በላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ አያለሁ፤ የተፈጨ ዘር ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ከዚያ መግዛትን አልመክርም። በፍሬው ገዝቶ በሚፈለገው ልክ እቤት መውቀጥ ይሻላል።

ምጣዱን በሐጂ ዘር እንደገና አሟሸሁት። የድሮውን አመዳም ገጽ አጥቤ፣ ምጣዱን ቀስ በቀስ አግዬ፣ የወቀጥኩትን እየበተንኩ በወፍራም ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞርኩ አሸሁት። በሦስተኛው ዙር ገጹ መወልወል ጀመረ፤ በአምስተኛው የመብራቱን ጥላ አየሁበት። በማግስቱ የመጀመሪያው እንጀራ አክምባሎው ሲከፈት ጠርዙ በራሱ ተነስቶ ጠበቀኝ፤ ሰፌዱን ስሰድበትም ያለ አንዳች መጎተት ተንሸራቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት አራት እንጀራው ማሰሻዬን አንድ ጊዜ ከማስነካት በቀር ምጣዴ አላስቸገረኝም።

ጎመን ዘር ይህን የሚያደርግበት ምክንያት አለው። ከፍሬው ክብደት ከሲሶ በላዩ ዘይት ነው፤ ከዘይቱም 40 በመቶ ያህሉ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል፣ ሃያ ሁለት ካርቦኖች የተቀጣጠሉበት ረጅም የቅባት አሲድ ነው። ዘይቱ በጋለው ሸክላ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርግና ሙቀቱ ሲያደርቀው እንደ ቀጭን ልባስ ይጠነክራል። በላዩ የሚታሰሰው አዲስ ዘይት ደግሞ ውሃና እንፋሎት ባለበት ሁሉ ሳይታጠብ ገጹን ይዞ ይቆያል። የሊጥ ውሃ ምጣድ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ላሰበ ሰው፣ እናቶቻችን ከቅባት እህል ሁሉ ይህንኑ መርጠው ለምጣድ ማዋላቸው ምን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት ምርጫ እንደነበር ይገባዋል።

የሚገርመው፣ አውሮፓውያን የጎመን ዘርን የቅርብ ዘመድ፣ ሬፕሲድን፣ ለረጅም ጊዜ ያረሱት ከገበታ ይልቅ ለሌላ ሥራ ነው፤ በኋላም ለዚሁ ጠባዩ ፈለጉት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሰሜን አውሮፓ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የሬፕሲድ ዘይት በዋነኛነት የመብራት ዘይት ነበር፤ በ1800 ፈረንሳዊው ካርሴል ዘይቱን በሰዓት መዘውር ወደ ክሩ የሚገፋ ፋኖስ ሠራ፣ በ19ኛው መቶ ዘመንም የባሕር ጠረፍ መብራት ቤቶች በዚሁ ዘይት ይበሩ ነበር። ላምባ መጥቶ ከመብራቱ ሲያስወጣው የእንፋሎት ሞተር ለማለስለሻ ቅባትነት ተቀበለው። ሌላው ዘይት በእንፋሎትና በሙቅ ውሃ ከብረቱ ላይ ሲታጠብ የሬፕሲድ ዘይት ግን ይዞ ይቀራል፤ የኛ ምጣድ ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዘይት ሲቋረጥ፣ ካናዳ ሬፕሲድን በስፋት መዝራት የጀመረችው ለመርከብ ሞተሮች ቅባት እንዲሆን ነበር።

ጦርነቱ ካበቃና የእንፋሎት ሞተር በናፍጣ ሞተር ከተተካ በኋላ ገበሬው የዘራውን ማን ይግዛው የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ዘይቱን ለምግብ የማዋሉ ሐሳብ የጎለበተውም ያኔ ነው። እንቅፋቱ ያው ኤሩሲክ አሲድ ነበር። በብዛት የተመገቡት አይጦች ልብ ላይ ስብ እንደሚከማች ስለታየ፣ ሞተርን የሚያለሰልሰው ጠባይ ለገበታ የማይፈለግ ሆነ። ባልዱር ስቴፋንሰንና ኪት ዳውኒ የተባሉ ካናዳውያን ተመራማሪዎች በዓመታት ማዳቀልና መምረጥ ኤሩሲክ አሲዱንም፣ የሚሰነፍጠውን ውህድም ቀነሱ፤ ሁለቱም ዝቅ ያሉበት የመጀመሪያው ዝርያ፣ ታወር፣ በ1974 ወጣ። በ1978 ደግሞ ለዚህ አዲስ ሰብል «ካኖላ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ካኖላ ለመባልም በዘይቱ ውስጥ ያለው ኤሩሲክ አሲድ ከ2 በመቶ በታች መሆን አለበት። የኛ ጎመን ዘር ሃያ እጥፍ ያህል እንዳለው ልብ ይሏል። ሐጂ ከጣሳው በፊት «ለምጣድ ነው ወይስ ለሌላ?» የሚሉት ጥያቄ ለእኔ ትልቅ ጥያቄ የሆነብኝም ይህንን ታሪክ ስለማውቅ ነው፤ በሌላው ዓለም የዚህ ተክል ዕጣ የተወሰነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ጎመን ዘርና ሬፕሲድ ወንድማማች ናቸው ስል በዘይቤ አይደለም። ዎ ጃንግ ቹን የተባለው የዘር ሊቅ በ1935 እንዳሳየው፣ ሬፕሲድ የተገኘው ጥቅል ጎመንና የቻይና ጎመን ወገን የሆነው ራፓ የተባለው ተክል በተፈጥሮ ተዳቅለው ሲሆን፣ የኛው ጎመን ዘር ደግሞ የዚያው የጥቅል ጎመን ወገንና የጥቁር ሰናፍጭ ልጅ ነው። የሰናፍጭ ስምንትና የጎመን ዘጠኝ ክሮሞዞም ተደምረው የጎመን ዘርን አሥራ ሰባት ይሰጣሉ። የሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ሲሆን፣ መነሻው የኛው ደጋ ነው። አንዱ ተክል ለሦስት ነገር ያገለግላል፤ ቅጠሉ የሐበሻ ጎመን ሆኖ ይበላል፣ ፍሬው ምጣድ ያሟሻል፣ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦም ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል። በክረምት ጎተራው ባዶ ሲሆን ከጓሮ የሚቀነጠበው ይኸው ቅጠል ስለሆነ ነው በዓመት መለወጫ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው። በጅማ ዙሪያም በኦሮምኛ ራፉ የሚባለው ጎመን፣ ፍግ በጠገበው የጓሮ መሬት ላይ፣ ከቡናው ዛፍና ከእንሰቱ አጠገብ ሲበቅል ይታያል።

አሁን ወደ ዘይቱ ልመለስ። ቤቷ ሁለት ዓይነት ዘይት ትጨምቃለች፤ የኑግና የጎመን ዘር። የኑግ ዘይቷን ያለ ማመንታት አወድሳለሁ። ኑጉ ከወለጋ በኩል የሚመጣ ሲሆን፣ ታምሶ ወደ መኪናው ይገባና ዘይቱ በጎን በኩል ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን አርፎ ዝቃጩ ከወረደ በኋላ በጨርቅ ተጣርቶ ይሸጣል። ሽሮ ላይ ጠብ ሲደረግ ሽታው ምግቡን ሳይጫነው ይሰማል፤ በጾም ቀን ከዚህ የተሻለ ነገር እቤቴ አላስገባሁም።

የጎመን ዘሩ ዘይት ቀለሙ ደመቅ ያለ ቢጫ ነው። ዘሩ ታምሶ ስለሚጨመቅ ሽታው ከጥሬው ፍሬ ለዘብ ይላል፤ ቢሆንም ድስት ላይ ሲግል አፍንጫ ይነካል። ከኑጉ ዘይት በጣም ይረክሳል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ርካሽነቱን አይቶ ለወጥ ሊገዛ ይመጣል። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አንዲት እናት ሁለት ሊትር ሲጠይቁ ሐጂ «እመት፣ ይኼ ለምጣድና ለቆዳ ነው። ለልጆች ወጥ አይሆንም፤ ገንዘቡ ካልበቃ ከኑጉ ግማሽ ሊትር ይውሰዱ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ቅር እያላቸው ግማሽ ሊትር ኑግ ይዘው ሄዱ። ነጋዴ ከበዛ ሽያጭ ይልቅ ትክክለኛውን ሽያጭ ሲመርጥ በዓይኔ ማየቴ ለዚህች ቤት ያለኝን እምነት አጸናው።

ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ካለ በ1981 ስፔን ውስጥ የሆነውን ያስብ። ለፋብሪካ ሥራ እንዲውል አኒሊን የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት የሬፕሲድ ዘይት እንደገና ተጣርቶ፣ የወይራ ዘይት እየተባለ ስም በሌለው ጀሪካን በየሰፈሩ ተሸጠ፤ ከ20,000 ሰው በላይ ታመመ፣ ከ300 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎችም ዕድሜ ልካቸውን በሕመሙ ተይዘው ኖሩ። እዚያ ገዳይ የሆነው የተክሉ ዘይት ራሱ ሳይሆን የተጨመረበት ነገርና በሐሰት የተለጠፈው ስም ነበር። በእኛም ገበያ «ንጹሕ ኑግ» ተብሎ ከሌላ ቦታ የገዛሁት ዘይት ሲግል የጎመን ዘር ሽታ ሸቶኝ ያውቃል፤ ያን ዕለት የተሰማኝ ቅሬታ ከገንዘቡ ይልቅ ለልጆቼ ምን እንዳበላኋቸው አለማወቄ ነበር። በዘይት ቤቷ ሁለቱ በርሜሎች በሁለት የተለያየ ማእዘን ይቀመጣሉ፤ ማጣሪያ ጨርቃቸውና መቅጃቸውም የተለየ ነው። በዚህ ሦስት ዓመት አንድም ጊዜ ሲቀላቀሉ አላየሁም።

ይሁን እንጂ ቤቷ ጉድለት የላትም አልልም። ከሁሉ የሚከፋኝ የፋጉሎው ጉዳይ ነው። ከመኪናው የሚወጣው ፋጉሎ ከብት ለሚያደልቡ ሰዎች ይሸጣል፤ የኑጉና የጎመን ዘሩ ፋጉሎ ግን ጎን ለጎን በተመሳሳይ ጆንያ ይቀመጣል። የጎመን ዘር ፋጉሎ በፕሮቲን የዳበረ ቢሆንም፣ ያ የሚሰነፍጠው ውህድ በውስጡ ስለሚቀር ከብቱ አይወደውም፤ ሲበዛበትም የእንቅርት ዕጢውን ይጎዳል። በጥቂቱ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ካልሆነ መሰጠት የለበትም። ሐጂ ራሳቸው ሲኖሩ ለገዢው ይናገራሉ፤ እሳቸው በሌሉበት የሚሸጠው ልጅ ግን ጠይቆም ነግሮም አያውቅም። ይህንን አንሥቼላቸው «እውነትሽን ነው» ብለውኛል፤ ጆንያዎቹ ግን እስካሁን ምልክት አልተደረገባቸውም።

ከዚህ ሌላ፣ ዘይቱ የሚቀዳው ደንበኛው ይዞት በመጣው የውሃ ላስቲክ ነው፤ የተጨመቀበት ቀን አይጻፍበትም። ላስቲኩን አጥባችሁና አድርቃችሁ ካልወሰዳችሁ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። የዘሩም መጠን የሚለካው በጣሳ ስለሆነ፣ ጣሳው ሲሞላ ጫፉ ላይ ያለው ክምር እንደ ሻጩ እጅ ይለያያል፤ ሚዛን ቢኖር ይሻል ነበር። መብራት በጠፋ ቀን መኪናው ስለሚቆም ዘይቱ ያልቃል፤ ፍሬው ግን ሁልጊዜ አለ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጠቅሰውም።

ከሁለቱ ጆንያዎች አንደኛው ፍሬው ቢጫ የሆነ ጎመን ዘር ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርኩት፤ ቅርፊቱ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሲወቀጥ ቶሎ ይደቃል፣ ምጣዱም ላይ የሚቀረው ገለባ ያነሰ ነው። ሐጂ ዘሩ በመጀመሪያ ከምርምር ጣቢያ የወጣ መሆኑን ነገሩኝ። ሆለታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በጎመን ዘር ላይ ለብዙ ዓመታት እንደሠራና ቢጫ ዶዶላ የሚባል ዝርያ እንዳለው ስለማውቅ አልገረመኝም። ከዚህም አልፎ፣ በ1990ዎቹ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ጌትነት አለማው ከካናዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ኤሩሲክ አሲድ የሌለው ጎመን ዘር በማዳቀል ማግኘት ችለዋል። እንዲህ ያለው ዘር በሰፊው ተዘርቶ እዚህች ዘይት ቤት ሦስተኛ በርሜል ሆኖ ሲቀመጥ ማየት ምኞቴ ነው፤ ያኔ እኒያ እናት በያዙት ገንዘብ ሁለት ሊትራቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ሌላው ዓለም ግን ኤሩሲክ አሲዱን ራሱን ፈልጎ ወደ ጎመን ዘራችን መጥቷል። በጥቅምት 2012 በካናዳ አንድ ፋልከን 20 አውሮፕላን ከካሪናታ ዘይት በተሠራ፣ ምንም የማዕድን ነዳጅ ባልተቀላቀለበት ነዳጅ በረረ። በ2018 መጀመሪያ ላይም አንድ የኳንታስ መንገደኛ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን ሲጓዝ ከነዳጁ ውስጥ የተወሰነው ከዚሁ ተክል የመጣ ነበር። ከኤሩሲክ አሲድ የሚሠራው ኤሩካማይድ ደግሞ የላስቲክ ከረጢት እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይጨመርበታል፤ ዘሩ ሊጥን ከምጣድ እንደሚያላቅቀው ሁሉ ላስቲክን ከላስቲክ ያላቅቃል። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው ጣሳቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «በጎመን ዘር አውሮፕላን ከበረረ የደዶ ገበሬ መቼ ነው የሚጠቀመው?» አሉኝ። ዘሩን የሚያመጡላቸው ከደዶ ደጋ የሚወርዱ ገበሬዎች ስለሆኑ ጥያቄው ከልባቸው የመጣ ነበር፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ገበያው ከሚሞላበት ሐሙስ ይልቅ በማግስቱ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መሄድ ይሻላል፤ አዲስ የገባው ዘር ሐሙስ ማታ ተበጥሮና ተነፍቶ ስለሚያድር ንጹሑን ታገኛላችሁ፣ ሐጂም ራሳቸው ይኖራሉ። ለአዲስ ምጣድ ማሟሻ ግማሽ ጣሳ፣ ለወር ማሰሻ አንድ ስኒ ይበቃል። መዳፋችሁን ዘርጉና በጥፍራችሁ ጨፍልቁት፤ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፣ እሳቸው ራሳቸው ያፈሱላችኋል።